«ማረጋገጥ» የሚለው ቃል ሸክም፤ ወደ ውጭ አገር በሚላኩና ከውጭ አገር በሚመጡ ሰነዶች ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የልደት ምስክር ወረቀቱን ወይም ዲፕሎማውን ይዞ ወደ ባዕድ አገር ለመሄድ የተነሣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «የት ላረጋግጥ?» የሚል ነው። መልሱ አንድ አይደለም። ተርጓሚው ትርጉሙን ያረጋግጣል፤ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ የሚለው መሥሪያ ቤት ሰነዱን ያረጋግጣል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያንኑ ሰነድ ያረጋግጣል፤ በመጨረሻም ሰነዱ የሚቀርብበት አገር ኤምባሲ ያረጋግጣል። የትምህርት ማስረጃ ከሆነ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እንዲያረጋግጠው ይጠየቃል። ባለጉዳዩ ይህን ሁሉ ደጅ ጠንቶ ሲጨርስ፣ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ነገር አራት አምስት ጊዜ እውነትነቱ የተመሰከረለት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከባለማኅተሞቹ የሚበዙት የወረቀቱን ይዘት አልመረመሩም፤ እንዲመረምሩም ሕግ አላዘዛቸውም። የመሰከሩት ከእነርሱ በፊት የፈረመው ሹም ፊርማ የእርሱ መሆኑን፣ ማኅተሙም የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን ብቻ ነው።

ይህ ስሕተት የባለጉዳዩ የማስተዋል ጉድለት አይደለም። ምንጩ ቋንቋው ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ በቋንቋው የምንገለገል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ ተርጓሚዎችና የሙያ ቃላት አውጪዎች ነን። አምስት ልዩ ልዩ ሥራዎችን አንድ ግስ አሸክመን፣ ሰሚው ልዩነታቸውን ከየት ያውቃል?

ግሱን ራሱን ጥቂት እንመልከተው። «አረጋገጠ» በቅርጹ «ረገጠ» ከሚለው ግስ የድጋም ዘር የወጣ ነው፤ «እርግጥ» እና «እርግጠኛ» የሚሉትም ከዚሁ ቤት ናቸው። እግር ረግጦ ጽኑ መሬት መሆኑን እንደሚያውቅ፣ ልብም ነገሩን ረግጦ ያውቀዋል። ስለዚህ «አረጋገጠ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሚሰማው ነገሩ እውነት መሆኑን መርምሮ ማወቅን ነው። «ወሬውን አረጋገጥሁ» የሚል ሰው የነጋሪውን ማንነት ብቻ ለየሁ ማለቱ አይደለም፤ ወሬው እውነት ሆኖ አገኘሁት ማለቱ ነው። በመሥሪያ ቤት አማርኛ ግን ይኸው ቃል ለፊርማ መለየት፣ ለቅጂ ማነጻጸር፣ ለማኅተም ማወቅና ለይዘት ምርመራ ያለ ልዩነት ያገለግላል። የሙያ ቃል ከተራው ቃል ጠበብ ያለ ፍች ሊኖረው እንደሚችል አይካድም። እዚህ ግን ቃሉ አልጠበበም፤ ተራው ፍቹ እንዳለ ቀርቶ ሌሎች አራት ተጨመሩበት እንጂ።

በሕጉ በኩል ያለው ሁኔታ ከመሥሪያ ቤቶቹ ልማድ የተሻለ ነው። ስለ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 922/2008፣ ከእርሱም በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 334/1995፣ ቢያንስ ማረጋገጥንና መመዝገብን ለይተው በስማቸው ጠርተዋል። በአገራችን ሰነድ አረጋጋጩ ከሌሎች አገሮች አቻው ሰፋ ያለ ኀላፊነት አለበት፤ የተዋዋዮቹን ማንነት ብቻ ሳይሆን ችሎታቸውንና ሥልጣናቸውን፣ የውሉም ቃል ከሕግና ከሞራል ጋር አለመጋጨቱን ያያል። ስለዚህ ለእርሱ ሥራ «ማረጋገጥ» የሚለው ስም ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በከፊል ይገባዋል፤ ቃሉንም ለእርሱ መተው ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ያህል ልበል። መሥሪያ ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ኤጀንሲ፣ አገልግሎት እየተባለ ስሙ ሲለዋወጥ ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» ማለቱን አልተወም። ይህ የሕዝብ ስም ስለሚደረገው ድርጊት ምንም ሳይል እዚያ ስለሚገኘው ነገር ብቻ ይናገራል። «ውል» የክርን መቋጠሪያም የሰዎችን ስምምነትም የሚጠራ ጥሩ ያገር ቃል ነው። በመሥሪያ ቤቱ ደጅ ከተሰቀሉት ስያሜዎች ሁሉ በሥነ ልሳን ሚዛን ይህ ያልተሰቀለው ይበልጣል።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። በአሜሪካ አገር የሚኖር አንድ ሰው በትውልድ አገሩ ለመጋባት ሲፈልግ፣ ያላገባ ስለ መሆኑ ወረቀት አምጣ ይባላል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን የሚመሰክር የመንግሥት መዝገብ ቤት ስለማይገኝ፣ ሰውየው ራሱ «ያላገባሁ ነኝ» ብሎ ይጽፍና ኖታሪ ዘንድ ቀርቦ ይምላል። ኖታሪው መታወቂያውን አይቶ፣ ማለቱንና መፈረሙን ጽፎ ማኅተሙን ያኖርበታል። የግዛቱ ጽሕፈት ሚኒስትር ኖታሪው በእርግጥ የተሾመ መሆኑን ይመሰክራል። የፌዴራሉ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የግዛቱን ማኅተም ይመሰክራል፤ ኤምባሲው የፌዴራሉን። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ በላዩ ላይ ሪባንና የወርቅ ቀለም ያለው ማኅተም ተደርድሮበታል። ተርጓሚውም ከላይ «ያላገባ ስለ መሆኑ ማረጋገጫ» ብሎ ይጽፋል፤ ከታች «ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል» ይላል። የሙሽራይቱ ቤተ ሰብ ይህን አንብቦ የአሜሪካ መንግሥት የሰውየውን ኑሮ መርምሮ ሚስት እንደሌለው ያወቀለት ቢመስለው ማን ይፈርድበታል? መንግሥቱ ግን አንዲት ቃል አልተናገረም። የተናገረው ሰውየው ብቻ ነው። የሚገባው ርእስ «ያላገባ ስለ መሆኑ የሰጠው ቃለ መሐላ» የሚል ነበር፤ በዚህ ርእስ ውስጥ የሚናገረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በአንድ ቃል ልዩነት የአንዲት ሴት ትዳር ሊወሰን ይችላል።

በተቃራኒውም መንገድ ያው ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት ማኅተም ላይ ያለውን «ተረጋግጧል» ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የይዘት ምርመራን የሚያመለክተውን ግስ ነው። የባዕድ አገር ዳኛ ያንን ሲያነብ ሚኒስቴሩ የልደቱን ቀን መርምሮ ትክክል ሆኖ አገኘው ብሎ ይረዳል። በኋላ በሌላ ሰነድ ላይ ሌላ ቀን ቢገኝ፣ ስሕተቱ የመዝጋቢው ጸሐፊ ወይም የዘመን አቆጣጠር መለወጫው እንደሆነ ሳይታሰብ፣ ማጭበርበር እንዳለ ይጠረጠራል። የሚጠረጠረው ደግሞ ሚኒስቴሩ ሳይሆን ወረቀቱን የያዘው ሰው ነው።

ስለዚህ ሥራዎቹን እንለያቸው። ደስ የሚለው፣ ለአብዛኞቹ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ ሕዝቡና መሥሪያ ቤቶቹ እየተጠቀሙባቸው ያሉ ቃላት በጓዳ ተቀምጠዋል። ቅጂን ከዋናው ጋር ለማስተያየት «ማገናዘብ» የሚለውን የማያውቅ የለም፤ በየሥራ ማስታወቂያው ላይ ዋናውን ለማገናዘቢያ ይዛችሁ ቅረቡ ይባላል። ታዲያ ቅጂው ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» ማለት እየተቻለ «እውነተኛ ቅጂ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግልባጭ ማን አስገደደን? ቅጂ እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ ሊሆን የሚችለው በዋናው አንጻር ነው፤ ዋናው ራሱ ሐሰት ቢሆን የተገናዘበው ቅጂ ያንኑ ሐሰት አሳምሮ ይገለብጠዋል። አንድ ሰው በእርግጥ ከዚያ ትምህርት ቤት መመረቁን ከምንጩ ጠይቆ ለማወቅም «ማጣራት» የሚል ቃል አለን። ማጣራት በእውነት ይዘትን የሚመለከት ብቸኛው ሥራ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ይበልጡን ያሳዝናል። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው የሚዋዋለው የሥራ ውል «ሲጸድቅ» ሌላ ነገር ይሆናል፤ እዚያ ላይ የመንግሥት አካል የውሉን ቃል አይቶ ፈቃዱን ይጨምርበታል፤ ስለዚህ «ማጽደቅ» የሚለው ቃል በቦታው ነው፤ ሊነካም አይገባም።

አስቸጋሪው አንዱ የቀረ ነው፤ በፈረንሳይኛ ሌጋሊዛሲዮን የሚባለው። ይህ የአንድን ሹም ፊርማ፣ የፈረመበትን ሥልጣንና ማኅተሙን በሌላ አገር ፊት ማስታወቅ ነው። ከየተርጓሚው እጅ የሚወጡት ስሞች ሦስት ናቸው። አንደኛው «ሕጋዊ ማድረግ» ነው፤ ይህ ቃል በቃል የተገለበጠ ከመሆኑም በላይ ሰነዱ እስከዚያች ቀን ሕገ ወጥ ነበረ የሚል ስድብ በውስጡ አለበት። ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት በወጉ የተሰጠ የልደት ምስክር ወረቀት ከተሰጠበት ደቂቃ ጀምሮ ሕጋዊ ነው፤ የጎደለው በሌላ አገር መታወቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው «ማጽናት» ነው። ቃሉ መልካም ነበር፤ ይሁን እንጂ የይግባኝ ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤትን ውሳኔ «አጸና» ሲባል ነገሩን መርምሮ ተስማማበት ማለት ስለሆነ፣ ያንኑ የሸሸነውን የይዘት ምርመራ በጓሮ በር ያስገባብናል። ሦስተኛው ያው «ማረጋገጥ» ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ተብሏል። እኔ የምደግፈው «የማኅተም ምስክርነት» የሚለውን ነው። «መሰከረ» ያየውንና የሚያውቀውን የሚናገር ሰው ግስ ነው፤ ከሚያውቀው አልፎ እንዲናገር ማንም አይጠብቅበትም። «የማኅተም» የሚለው ደግሞ ምስክርነቱ በምን ላይ እንደሆነ አጥሮ ይነግራል። ቃሉ ረጅም ነው፣ ፍርድ ቤት ያለውንም ምስክር ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ማስታወሱን እቀበላለሁ፤ ጉዳት ግን አይታየኝም። «ምስክር ወረቀት» ስንል ማንም ሰው ፍርድ ቤት የቆመ ምስክር አይታየውም።

የዚህ ዓይነቱ ምስክርነት ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑንም ማሰብ ይገባል። የቀድሞ ዘመን የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ሲጻፍ፣ ከስጦታው ቃል ቀጥሎ በጊዜው የነበሩት ሹማምንትና እማኞች ስም ይዘረዘር ነበር፤ ቃሉን የሚያፈርሰውም በውግዘት ይታሰር ነበር። እማኞቹ የሚመሰክሩት ስጦታው በፊታቸው መደረጉን ነው። «እማኝ» የሚለው ቃል ዛሬ ከገጠር ሽምግልናና ከፖሊስ ምርመራ መዝገብ ውጭ እምብዛም አይሰማም፤ በሰነድ ላይ ለሚፈርሙት ምስክሮች መልሰን ብንጠቀምበት «ምስክር» የሚለው ሸክሙ ይቀልለት ነበር።

ስለ ኖታሪም ጥቂት እንበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ እጅ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ነው። በፈረንሳይ ኖቴር ማለት የተማረ የሕግ ሰው ነው፤ ውሉን ራሱ ይጽፋል፣ ተዋዋዮቹን ይመክራል፣ ዋናውንም ሰነድ ይይዛል። በሕግ ጽሑፎቻችን ዘንድ «ውል አዋዋይ» ወይም «ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው» የሚለው አጠራር ለዚህ ዓይነቱ ሰው ልክ ነው። የአሜሪካው ኖታሪ ግን ስሙ ይመሳሰል እንጂ ሌላ ሰው ነው። ጠበቃ ካልሆነ በቀር የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም፤ በባንክ ወይም በፖስታ መላኪያ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ልናገኘው እንችላለን። ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የመጡ ስደተኞች በቋንቋቸው ኖታሪዮ የሚለው ቃል ትልቅ የሕግ ባለሙያን ስለሚጠራ፣ በአሜሪካ በዚህ ስም በሚነግዱ አጭበርባሪዎች ገንዘባቸውንና የመኖሪያ ጉዳያቸውን ማጣታቸው የታወቀ ነው። በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖረው ወገናችን «ኖተራይዝ አስደረግሁ» ይላል፤ ይህ አነጋገር ደስ ባይልም አያሳስትም። የሚያሳስተው የአሜሪካውን ኖታሪ «ውል አዋዋይ» ብሎ የሚተረጉም ነው። ውክልና ተቀባዩ እዚህ ሆኖ «ውል አዋዋዩ ፊት የተደረገ» የሚል ሲያነብ፣ የውክልናውን ቃል አንድ የሕግ ሰው አይቶታል ብሎ ያምናል። ለዚህኛው «ፊርማ አረጋጋጭ» ማለት ይበቃል። እዚህ ላይ «ማረጋገጥ» ከፊርማ ጋር ተጣምሮ ስለሚመጣ ድንበሩን አያልፍም።

በእነዚሁ የአሜሪካ ወረቀቶች ግርጌ ያሉት የተለመዱ ዐረፍተ ነገሮች ለተርጓሚ ወጥመድ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ ሰውየው በሹሙ ፊት መፈረሙንና መማሉን የሚናገረው፣ «በፊቴ ተመዝግቦ የማለ» ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ። የእንግሊዝኛው ግስ ሁለት ፍች አለው፤ በጥንቱ ፍች ከጽሑፍ ግርጌ መፈረም ነው፤ በኋለኛው ለጋዜጣ ወይም ለማኅበር ደንበኛ ሆኖ መመዝገብ ነው። ተርጓሚው የኋለኛውን ስለለመደ ምስኪኑን ባለጉዳይ አስመዘገበው። «በፊቴ ቀርቦ ፈርሞ ማለ» ማለት ብቻ በበቃ ነበር። ሌላው፣ ፈራሚው ፊርማው የእርሱ እንደሆነ፣ ወዶና ፈቅዶ እንደፈረመ ለሹሙ የሚገልጽበት ነው፤ «እውቅና ሰጠ» እየተባለ ይተረጎማል። እውቅና የሚሰጠው ለመንግሥት ወይም ለማኅበር ነው እንጂ ለገዛ ፊርማ አይደለም። አማርኛ «ፊርማዬ ነው ብሎ አመነ» ይላል። ክርክር ባለበት ጉዳይ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ሰው ምሏልና ቃሉ ሐሰት ቢሆን ይጠየቅበታል፤ ሁለተኛው ግን ስለ ይዘቱ አልማለም።

ማኅተምም የራሱ ችግር አለው። በእንግሊዝኛ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ አንዱ የተቀረጸው ማኅተም፣ ሌላው በቀለም የሚመታው። ሁለተኛውን «ቴምብር» ብለው የሚመልሱ ተርጓሚዎች አሉ። ከፈረንሳይኛ የወረስነው «ቴምብር» ግን በአማርኛ ቀረጥ የተከፈለበትን ወይም የፖስታን ቁራጭ ወረቀት ብቻ ይጠራል። በዚህ አተረጓጎም መሠረት የባዕድ አገር ሹም በሰነዱ ላይ ቀረጥ ተቀበለ እንጂ ማኅተም አላኖረም ማለት ነው። የየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ክቡን «ማኅተም»፣ ስምና ማዕረግ ያለበትን «ቲተር» እያለ ለይቶ ሲጠራ እኛ ምን ሆነን ነው?

የቀረው አፖስቲል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኦክቶበር 5 ቀን 1961 በሄግ የተፈረመው ስምምነት፣ አባል በሆኑ አገሮች መካከል የኤምባሲውን ምስክርነት አስቀርቶ በምትኩ አንድ ወረቀት ተካ። የውጭ አገር ሰነዶችን ከሌጋሊዛሲዮን ነጻ ለማድረግ የተደረገ ስምምነት ነው፤ ስለዚህ አፖስቲልን «ሌጋሊዛሲዮን» ወይም «የኤምባሲ ማረጋገጫ» ብሎ መተርጎም ሊያስቀረው የመጣውን ነገር ስም ለእርሱ መልሶ መስጠት ነው። አፖስቲል የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የኅዳግ ጽሑፍ ማለት ነው፤ ከላቲን «ከእነዚያ ቃላት በኋላ» ከሚለው ሐረግ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። በድምፅ ተቀራርቦ የሚያታልለው፣ ሐዋርያ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ዘመዱ አይደለም። የወንጌላችንን ኅዳግ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ስለዚህም «ኅዳግ» የሚል አማርኛ እንስጠው ያሉ ባልደረቦች አሉ። ሐሳቡ ያምራል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ምክንያቱ ስምምነቱ ራሱ ነው። የወረቀቱ ሌላ ጽሑፍ በሰጪው አገር ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ ርእሱ ግን በፈረንሳይኛ መሆን አለበት ተብሎ ተደንግጓል። ሊተረጎም የማይገባው በሕግ የተወሰነ ቃል ከዚህ የበለጠ የት ይገኛል? በአማርኛ ፊደል «አፖስቲል» ብለን እንጻፈው፤ ፍቹን በመዝገበ ቃላት እንስጠው።

የናሙናው ወረቀት ጎኑ ከ9 ሳንቲ ሜትር የማያንስ አራት ማዕዘን ሲሆን በውስጡ 10 ተራ ቁጥሮች አሉት። ከአባል አገሮች፣ ለምሳሌ ከእስራኤልና ከሳዑዲ ዐረቢያ፣ የሚመጡ ወረቀቶች ይዘውት ስለሚገኙ፣ ለአማርኛ ተርጓሚ የሚከተለውን አቀርባለሁ። 1ኛው «አገር» ነው። ቀጥሎ «ይህ የመንግሥት ሰነድ» ይልና 2ኛው «የፈረመው»፣ 3ኛው «የፈረመበት ሥልጣን»፣ 4ኛው «ያለበት ማኅተም ወይም ቲተር፤ የ» ይሆናል። 2ኛው ላይ «ያጸደቀው»፣ 3ኛው ላይ «በችሎታው» የሚል እንዳይገባ ይጠበቅ፤ የኋለኛው የእንግሊዝኛውን ቃል በሌላ ፍቹ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ርእስ ዋናው መፈተኛ ነው፤ ብዙዎቹ «ተረጋግጧል» ይሉታል፤ «ተመስክሯል» ይሁን። 5ኛው «ቦታ»፣ 6ኛው «ቀን»፣ 7ኛው «መስካሪው ባለሥልጣን»፣ 8ኛው «ቁጥር»፣ 9ኛው «ማኅተም ወይም ቲተር»፣ 10ኛው «ፊርማ»። በ6ኛው ላይ ዋናው የጻፈውን ቀን እንዳለ ማስቀመጥና የአቆጣጠሩን ስም መጨመር እንጂ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ አይገባም፤ የወረቀቱ ቁጥርና ቀን በሰጪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ በዚያው መልክ ተጽፈው ይገኛሉና፣ የተጠራጠረ ሰው ሊያመሳክር ሲፈልግ የሚፈልገው እነርሱን ነው።